ሳክስፎኑን የነፋው ማነው? ለድሮ ሙዚቃችን ባለአደራዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የቆዩ የሙዚቃ ክሮችንና ሸክላዎችን በአደራ ለያዛችሁ መሥሪያ ቤቶች፣
እነዚህኑ ሙዚቃዎች በየዕለቱ ለምታሰሙን የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች የሙዚቃ ክፍሎች፣
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እኛ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት ተሰብስበን አንድ የሂፕሆፕ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምናዳምጥ ሰዎች ነን። 23 ነን። ተማሪዎች አሉን። የራይድ ሹፌር አለን። ነርስ አለች፤ የባንክ ሠራተኛ አለች። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ባንድ ትራምፔት ይነፉ የነበሩ ጡረተኛ አባትም አሉን። የተመዘገብን ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተምም የለንም። ደንባችን ሁለት ነው። ስልክ ይጠፋል። አልበሙ ሳያልቅ ማንም አያወራም። ሲያልቅ ቡና ይፈላል፤ ክርክሩም ያኔ ይጀመራል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ባለፈው ጥር የደረሰብን ነገር ነው። የድምፅ ክሮች የሚቀመጡበት አንድ መሥሪያ ቤት ለማዳመጫ ምሽት አዳራሹን ፈቅዶልን ነበር። ሰው ጠርተናል። ሞንታርቦ ተከራይተን ቀብድ ከፍለናል። ሁለት ቀን ሲቀረው ተደወለልንና ዝግጅቱ ተሰርዟል ተባልን። ለምን ስንል፣ ራፕ ስለሆነ ከተቋሙ ዓላማ ጋር አይሄድም አሉን። በጽሑፍ ስጡን አልን። እስከ ዛሬ አልተሰጠንም።

ከሁሉ ያሳዘነን ግን አልበሙ ምን እንደሆነ አንድም ሰው አለመጠየቁ ነው። ስለዚህ ወደ ቅሬታችን ከመግባታችን በፊት ስለ አልበሙ እንንገራችሁ። ቅሬታችን ሁሉ የሚመዘዘው ከዚያ ነው።

አልበሙ “ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም” ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ስቶንስ ስሮው በሚባል የካሊፎርኒያ አሳታሚ በኩል ወጣ። የሠራው ኦ ኖ ነው። ኦክስናርድ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ያደገ ራፐርና ፕሮዲውሰር ነው። ታላቅ ወንድሙ ማድሊብ ነው፤ አንድርግራውንድ፣ ማለትም ከዋናው ገበያ ውጪ የሚሠራውን ሂፕሆፕ የሚከታተል ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። አጎታቸው ትራምፔት ተጫዋቹ ጆን ፋዲስ ነው። የሙዚቃ ቤተሰብ ናቸው። ኦ ኖ እንደዚህ ያለ ሥራ ሲሠራ የመጀመሪያው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ከቱርክ፣ ከሊባኖስና ከግሪክ የቆዩ ሸክላዎች ሌላ አልበም ሠርቶ ነበር። በ2009 ወደ እኛ ዞረ።

ለዚህ አልበም የሄደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እዚህ አዲስ አበባ ወደተሠሩ ሙዚቃዎች ነው። አብዛኛው ቃል የለውም፤ ቢት ነው። ለማያውቅ ሰው እናስረዳ። ፕሮዲውሰሩ አንድ የቆየ ዘፈን ያዳምጣል። ከውስጡ ጥቂት ሰከንድ ይቆርጣል። ይደጋግመዋል፤ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። ከሥሩ ከባድ ከበሮና ቤዝ ያስገባል። ይህ ሳምፕል ይባላል። ሂፕሆፕ የቆመው በዚህ ጥበብ ላይ ነው።

አልበሙን ስንሰማ የገረመን የመረጣቸው ቦታዎች ናቸው። እኛ የድሮ ዘፈን ስንሰማ ድምፃዊው እስኪገባ እንጠብቃለን። ግጥሙን እንከተላለን። ኦ ኖ አማርኛ አይሰማም። ስለዚህ ጆሮው የሚያርፈው ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ባለችው ቦታ ላይ ነው። ነፊዎቹ አብረው ተነስተው የሚመልሷት መልስ አለች። ኦርጋኑ ብቻውን የሚቀርባት ሁለት ሰከንድ አለች። ቤዝ ጊታሩ ለራሱ የሚያጉረመርማት ነገር አለች። ዕድሜያችንን ሙሉ የሰማናቸው ዘፈኖች ውስጥ ያልሰማናቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። እሱ እነሱን ወደ ፊት አወጣቸው። አንዱን ትራክ ለምደነው ሳንጠግበው ሌላው ይተካል። ትዝታው ትዝታ ነው፤ አንቺሆዬው አንቺሆዬ ነው። የተቀየረው እግሩ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያዳመጥነው ሽሮ ሜዳ አካባቢ በአንድ ጓደኛችን ቤት ነው። እናቱ ጓዳ ቡና እየቆሉ ነበር። አልበሙ አጋማሽ ላይ ሲደርስ መቁያውን እንደያዙ በር ላይ ቆሙ። “ቆይ፣ ቆይ፣ ይቺን አውቃታለሁ” አሉ። ደንባችንን ጥሰን አቆምነው። ኦ ኖ ዜማዋን የቆረጣት ገና ስትጀምር ነው። እሳቸው ከተቆረጠችበት ተቀብለው እስከ መጨረሻዋ አዜሙልን። ቃሉ ጠፍቶባቸዋል። ዜማው ግን አንድም ቦታ አልተሰበረም። ከዚያ “ማን ነበር የዘፈናት?” ብለው እኛኑ ጠየቁን። ማናችንም አላወቅንም። ትራምፔት ይነፉ የነበሩት አባታችን ደግሞ “ዘፋኙን ተዉት፣ ሳክስፎኑን የነፋው ማነው?” አሉ። እሱንም አላወቅንም።

የዚያን ቀን አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። በየገጹ የትራኩን ቁጥር፣ ደቂቃና ሰከንዱን፣ የምንጠረጥረውን ዘፈን እንጽፋለን። ቀጥሎ ድምፃዊ፣ ባንድ፣ አቀናባሪ፣ ተጫዋቾች የሚሉ ሳጥኖች አሉ። ወላጆቻችንን ጠየቅን። መርካቶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካሴት የሸጡ ሰው አገኘን። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ቀስ በቀስ መሙላት ጀመሩ። የመጨረሻዎቹ ባዶ ናቸው። አልበሙ ራሱ አይረዳንም፤ የትራኮቹ ርዕስ እንግሊዝኛ ስለሆነ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ሸክላ እንደመጣ ከርዕሱ አይታወቅም። ስለዚህ ወደ እናንተ መጣን። የማዳመጫ ምሽቱም ዓላማ ይኸው ነበር። አልበሙን እናሰማለን፣ ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች እንጋብዛለን፣ ያወቁትን ይነግሩናል፣ እንጽፋለን። የተሰረዘው ይህ ነው።

ቅሬታችን የሚጀምረው ከአዳራሹ በፊት ነው። በኅዳር ወር ሦስታችን ሄደን የክሮቹን ዝርዝር ለማየት ጠየቅን። ክሩን ስጡን አላልንም። ዝርዝሩን ብቻ ነው ያልነው። መጀመሪያ ዝርዝሩ ለውጭ ሰው አይታይም ተባልን። ቀጥሎ ከመሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ አምጡ ተባልን። ተማሪዋ ከትምህርት ክፍሏ ደብዳቤ አጽፋ ይዛ ሄደች። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተመላለስን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ኑ፤ ከበዓል በኋላ ኑ። በአራተኛው ቀን አንድ ሠራተኛ አዝኖልን እውነቱን ነገረን። ብዙዎቹ ክሮች ዝርዝር የላቸውም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ የጠፋባቸው አሉ። ክሩን የሚያጫውተው ማሽን ከተበላሸ ቆይቷል። ይህን ሠራተኛ እናመሰግነዋለን። ይህን መልስ በመጀመሪያው ቀን ብናገኝ ኖሮ ቢያንስ ምን መለመን እንዳለብን እናውቅ ነበር። ማሽን የሚጠግን ሰው ፈልጉ ብትሉን እንፈልጋለን። ሳጥን አራግፉ ብትሉን እናራግፋለን።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። “ከዓላማችን ጋር አይሄድም” የሚለው ቃል ሌላ ነገር አስታወሰን። እናንተ በአደራ የያዛችሁት ሙዚቃ በጊዜው ምን ሲባል እንደነበር ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ዘመናዊ ባንድ ያላቸውም ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን የመሰሉ የመንግሥት ተቋማት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባሉ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ያንን ትእዛዝ አልፈው በራሳቸው ስም ሸክላ ማውጣት ጀመሩ። ሊታሰሩ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር። ሸክላው የሚታተመው ባሕር ማዶ ነው። የመጀመሪያው ሥራቸው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጡ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሀገር ወጡ። አቶ አምሃም ዓለማየሁም እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ዛሬ ሁላችንም ወርቃማው ዘመን የምንለው ያኔ ያለ ፈቃድ፣ በግል ገንዘብ፣ በወጣት ድፍረት የተሠራውን ነው። አንድርግራውንድ ለሚለው ቃል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ለሬዲዮ ጣቢያዎች ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ሬዲዮ ሁላችንንም ያሳደገ ነገር ነው።

ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ተራ ገብተን የተለያዩ ጣቢያዎችን ሰማን። የድሮ ዘፈን በተለቀቀ ቁጥር ማን ተጠራ የሚለውን ብቻ ጻፍን። የድምፃዊው ስም ብዙ ጊዜ ይጠራል። የአቀናባሪ ስም የሰማነው በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው። የተጫዋች ስም አንድም ጊዜ አልሰማንም። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩት ሙዚቃዎች ዕጣ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። እነሱ ዜና ከመጀመሩ በፊት ክፍተት መሙያ ናቸው። ከብድር ማስታወቂያ ሥር ይገባሉ። አቅራቢው በላያቸው ላይ የአየር ሁኔታ ያነባል። አንድ ጠዋት ትራምፔት ነፊው አባታችን በወጣትነታቸው አብረዋቸው የተጫወቱ ሰው ሲነፉ ሰሙ። ሬዲዮውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። የሳሙና ማስታወቂያ ነበር። ሰውየው ካረፉ ቆይተዋል። ስማቸው ያኔም አልተጠራም፤ አሁንም አልተጠራም።

ይህ የፍቅር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አዋጁ በ872/2007 ተሻሽሏል፤ ከእናንተ መካከል የሕግ ክፍል የሌለው የለም። ስም መጥራት ደግሞ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ስም ሲጠራ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉ ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) “ኢትዮፒክስ” በሚል ስም የድሮ ሥራዎቻችንን በተከታታይ ሲዲ ሲያወጡ፣ ከሲዲው ጋር ቡክሌት ነበረው። ማን እንደዘፈነ፣ ማን እንዳቀናበረ ይናገራል። አራተኛው ሲዲ የሙላቱ አስታጥቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ በፊልሙ ውስጥ አስገባ። በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ የሙላቱን “የግሌ ትዝታ”ን ሳምፕል አድርገው አብረው ለሠሩት አልበም መክፈቻ አደረጉት። ዛሬ ሙላቱ ማን እንደሆኑ የማያውቅ የሂፕሆፕ ፕሮዲውሰር ብዙ አይገኝም። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው ስሙን ወረቀት ላይ በትክክል ስለጻፈው ነው።

ስም ሳይጠራ ሲቀርስ? የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድተዋል። ኪቦርዳቸው ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አይለይም ነበር፤ ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመዱበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የ1985 ካሴታቸውን አንድ የውጭ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ወደ መድረክ ተመለሱ። ካሴቱን የገበያ ሣጥን ውስጥ ያገኘው እሱ ነው። ፒያኒስቱና አቀናባሪው ግርማ በየነም ለረጅም ዘመን አሜሪካ ከሙዚቃ ርቀው ኖሩ። ከኢትዮፒክስ ቡክሌቶች ስማቸውን የሚያውቁ ፈረንሳውያን ወጣቶች ናቸው አብረዋቸው እንደገና የተጫወቱት። እነዚህ ሁለቱ ደግ ዕድል የገጠማቸው ናቸው። በእኛ ደብተር ባዶ ሳጥን ውስጥ ያሉት ስንት እንደሆኑ አስቡልን።

ሦስተኛው ነገር ለእኛ ለወጣቶቹ የበለጠ ያማል። አንድ ጣቢያ ስለ አልበሙ እንድንናገር ጋብዞን ነበር። ደስ ብሎን ሁለት ሰው ላክን። ደብተሩን ይዘው ሄዱ። ውይይቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው “ራፕ የእኛ ባህል ነው ወይ?” በሚለው ላይ ቆየ። ከአልበሙ የተሰማው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ፕሮግራሙ ተቀረጸ፤ ግን አልተላለፈም። ለምን እንዳልተላለፈ ጠይቀን መልስ አላገኘንም።

ለጥያቄው አሁን እንመልስ። ልጅ ሳለን እንካ ስላንቲያ ተጫውተናል። አንዱ በቤት ይመታል፤ ሌላው በዚያው ቤት ይመልሳል፤ መልስ ያጣ ይሸነፋል። ላሊበላዎች ጎህ ሳይቀድ ደጃችን ቆመው የባለቤቱን ስም ዜማ ውስጥ ከትተው ያወድሳሉ። አዝማሪ ተቀባዩ የሰጠውን ግጥም እዚያው አዙሮ ይመልሳል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ቀረርቶን በሳክስፎን ነፉ፤ ያኔ ሳክስፎን የማን ባህል ነው ያላቸው የለም፤ ወይም ቢኖርም እሳቸው አልሰሙትም። ሰምና ወርቅ ሰምቶ ያደገ ልጅ ራፕ ሲሰማ የሚያውቀውን ነገር ነው የሚሰማው። ባህላችን ነው ብለን አናስገድድም። ቤታችን የገባ እንግዳ ዘመድ ሆኖ ተገኘ ነው የምንለው።

ከመካከላችን ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ቢት የሚሠራ ልጅ አለ። መኝታ ቤቱን በብርድ ልብስ ከልሎ ነው የሚቀዳው። የአባቱን ካሴቶች ቆርጦ የሠራው ትራክ አለው። እውነቱን ለመናገር ከኦ ኖ አንዳንድ ትራኮች ጋር ስናስተያየው የእሱን የመረጥንም አለን፤ ልጁ ክራሩ የት ላይ እንደሚያለቅስ ያውቃል። ሬዲዮ ወሰደው። ለሳምፕሉ ፈቃድ አምጣ ተባለ። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አንቃወምም። ፈቃዱን ከማን ላምጣ ሲል ግን የሚነግረው ጠፋ። ባንዱ ፈርሷል። ካሴት ቤቱ የነበረበት ሰፈር ፈርሷል። ዜማው የማን እንደሆነ ካሴቱ ሽፋን ላይ አልተጻፈም። ዝርዝሩ ያለው እናንተ ዘንድ ነው፤ ዝርዝሩ ለውጭ ሰው አይታይም። ልጁ ትራኩን ስልኩ ውስጥ አስቀመጠው። ኦክስናርድ ያለው ሰው ከእኛ ሙዚቃ አልበም ሠርቶ ዓለም ሰማው። ጎተራ ያለው ልጅ ከአባቱ ካሴት አንድ ትራክ ማሰማት አልቻለም።

ተሰረቅን የሚሉም አሉ። በእኛም መካከል በዚህ ላይ ብዙ ቡና ፈስሷል። ጡረተኛው አባታችን ገንዘቡ ለተጫዋቾቹ ቤተሰብ መድረስ አለበት ይላሉ። ሁላችንም ተስማምተናል። ግን የማን ቤተሰብ? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ሰው ካሊፎርኒያ አይደለም ያለው።

አንድ ነገር እንጨምር። መርካቶ ካሴት ይሸጡ የነበሩት ሰው ሱቃቸውን ሲዘጉ የቀሩትን ካሴቶች በካርቶን ሞልተው ለአንድ መሥሪያ ቤት በነፃ ሊሰጡ ሄዱ። ቦታ የለንም ተባሉ። ካርቶኖቹ አሁን እኛ ጋ፣ በነርሷ ጓደኛችን ቤት አልጋ ሥር ናቸው። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ያሳስበናል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ክርና ሸክላ የያዛችሁ፣ ዝርዝራችሁን ለሕዝብ ክፈቱት። በኮምፒውተር እስኪገባ አትጠብቁ። በእጅ የተጻፈውን መዝገብ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብትለጥፉት ይበቃናል። ዝርዝር የሌላቸውን ሳጥኖች ለመለየት ሰው ካጠራችሁ እኛ 23ታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ እንመጣለን። ድምፁን ለይተው የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ይዘን እንመጣለን። በዚህ አትዘግዩብን፤ ሽማግሌዎቹ አይጠብቁንም።

የተሰረዘው የማዳመጫ ምሽት እንደገና ይፈቀድልን። ካልተፈቀደም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን። አልበሙን አስቀድማችሁ መስማት ከፈለጋችሁ ቅጂ ይዘን ቢሯችሁ እንመጣለን፤ አብረን እንስማው።

የሬዲዮ ጣቢያዎች፣ የድሮ ዘፈን ስታሰሙ ከድምፃዊው ቀጥሎ አቀናባሪውንና ባንዱን ጥሩ። የተጫዋቾቹን ስም የምታውቁ ከሆነ እሱንም። ስሙን የማታውቁት ከሆነ አላወቅነውም ብላችሁ አድማጭን ጠይቁ። አድማጭ ደውሎ ይነግራችኋል፤ የእኛ ደብተር ግማሹ የተሞላው እንዲህ ነው። በመሣሪያ ብቻ የተሠሩትን ሙዚቃዎች ከማስታወቂያ ሥር አውጥታችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳን በስማቸው አሰሙን። ተቀርጾ የቀረውን ፕሮግራምም ወይ አስተላልፉት ወይ ቅጂውን ስጡን።

ከሳምፕል ፈቃድ ጋር በተያያዘ፣ ባለመብቱን ለሚፈልግ ወጣት ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው አንድ ሰው መድቡ። አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ ቁጥር።

ደብተራችንን ቅጂ አድርገን ለእያንዳንዳችሁ እንልካለን። ስህተት ካለው አርሙልን። ካርቶኖቹንም መጀመሪያ ለተቀበለን መሥሪያ ቤት በፊርማ እናስረክባለን።

የጓደኛችን እናት ያዜሟትን ዜማ በስልክ ቀድተናታል። አንድ ደቂቃ ትሆናለች። ከደብዳቤው ጋር አብራ ትደርሳችኋለች። ከክሮቻችሁ መካከል ካለች ስሟን ንገሩን። ማን እንደዘፈናት፣ ማን እንዳቀናበራት፣ ሳክስፎኑንም ማን እንደነፋው ንገሩን። እሳቸው በየወሩ ቡናውን ሲያቀርቡ “ተገኘች?” እያሉ ይጠይቁናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የወር እሑድ የሂፕሆፕ አድማጮችን በመወከል
የስብስቡ ጸሐፊና የደብተሩ ያዥ
አዲስ አበባ